ከጋሽ ቢተው ጆሮ ጀርባ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ አድማሴ፣ መካነ ሰላም፤

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ሰብሌስ እንዴት ናቸው? እኔ በጤና አለሁ። ስልኩ እናንተ ዘንድ አልደርስ ካለ ወዲህ ሰላምታም እንደ ዕቃ በሰው እጅ የሚላክ ሆኗል። ይህን ደብዳቤ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ለሾፌሩ ለሁዜይፋ ሰጥቼዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አደራውን ከተቀበልኩ ቆይቻለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሆቴሉ ውስጥ እንጫወታለን፤ በሥራ ቀን ልምምድ አለ። ይህ ምክንያት እንጂ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ለጊታርዎ የጠየቁኝ ዓይነት፣ ማለትም ትንሹ፣ በባትሪም የሚሠራው፣ ድምፁ ደረቅ ያለው፣ አልተገኘም። ብዙ ሱቅ ዞሬያለሁ። በምትኩ የላኩልዎ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ነው። ባለ ቫልቭ ነው፤ እንደ ድሮ ሬዲዮ ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች ሲግሉ ቀላ ብለው ይበራሉ። እኔ ራሴ ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ነው። ሱቁ ውስጥ ጊታሬን ሰክቼ ስሞክረው እያንዳንዱ ክር ለብቻው ቆሞ ተሰማኝ።

በጀነሬተር ይሠራል ወይ ላሉኝ፣ ይሠራል። ስታብላይዘር ጨምሬበታለሁ። የት ይቀመጥ ላሉኝ፣ መሬት ላይ አያድርጉት፤ ድምፁን የሰው እግር ይበላዋል። የለስላሳ ሣጥን ላይ አውጥተው ከጋሽ ቢተው ኋላ ያቁሙት። ማሲንቆውን ይዘው የሰርጉ ድንኳን መሀል የሚቀመጡት እሳቸው ስለሆኑ፣ ድምፁ ከዚያ ተነስቶ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። የድምፁን ቁልፍም አይፍሩት። እንዲህ ያለ ዕቃ ዝቅ ሲል ይተኛል፤ ከግማሽ ሲያሳልፉት ነው የሚነቃው።

እርስዎና ጋሽ ቢተው ተጫውታችሁ በሚሞሪ የላካችሁልኝ ቅጂ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ።

የሻለም ከትንሣኤ በኋላ ልትዳር መሆኑን ሁዜይፋ ነገረኝ። ጋሽ ቢተው በልጃቸው ሰርግ ላይ ከእርስዎ ጋር ሲጫወቱ ለማየት እመጣለሁ። ቃሌ ነው።

አክባሪዎ፣
ሚሊዮን


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሚሊዮን፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ብርዱ ሲቀጣን ከመክረሙ በቀር ደህና ነን። ሰብሌ ‘ሆቴል ለሆቴል ሲል ሚስት ሳያገባ ሊያረጅ ነው’ ትልሃለች። እንደ ወረደ ጻፍልኝ ስላለች ነው እንጂ እኔ የለሁበትም።

ዕቃው በሰላም ገብቷል። ሁዜይፋ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እያወረደው፣ “ጋሽ አድማሴ፣ ይሄ ነገር ሙሽራ ነው ሬሳ? በየኬላው ስፈታውና ስጠቀልለው ነው የመጣሁት!” አለኝ። ከበሮ መቺያችን ጀብሪል ሊያግዘው ገባና ወገቡን ይዞ ቀረ። “ወላሂ፣ ይሄን ከተሸከምሁ በኋላ ከበሮውን የሚመታው ሌላ ሰው ነው” አለ።

ቢተው ዙሪያውን ዞሮ አየው። ቢተውን ታውቀዋለህ፤ ሳይዞር አይናገርም። “ውስጡ ስንት ሰው አለ?” አለኝ። ማንም የለም ብለው፣ “እንግዲያ ይህን ያህል ቤት ለማን ሠሩ?” አለ።

አንተና እኔ በድምፅ ምርጫ ተስማምተን አናውቅም። ተማሪ ሳለህ፣ ከኪነት ዘመን በተረፈችው ጊታሬ ሳስተምርህ፣ አንተ ሁልጊዜ የቀጭኑን ክር ጫፍ ነበር የምትወደው። እኔ ደግሞ ጊታር ከማሲንቆ ሥር እንደ ምንጣፍ ሲነጠፍ ነው ደስ የሚለኝ። ሰው ምንጣፉን አያየውም፤ ሲነሣ ግን ወለሉ ይበርደዋል። ትንሹን ያልሁህ ለዚህ ነበር። የሌለውን አምጣ አልልህም። ከእኔ ይልቅ አንተ ዓለሙን አይተሃል፤ ከመረጥህልኝ ተቀብያለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛው፣ ዝቅ ብሎም እንዳይሞት የሚደረግበት ዘዴ አለ? ትሬብሉም፣ ያ የቀጭን ድምፁ ቁልፍ፣ አንተ አዙረህ በላክህበት ቦታ ላይ ጥርስ ይነካል፤ ትንሽ ብመልሰው ይቀየመኛል?

ሁለተኛው፣ ቅጂው ደረሰኝ አልህ እንጂ ሰማሁት አላልህም። መሀል ላይ እኔ እጄን አነሣና ቢተው ብቻውን አንዲት አምባሰል ለስለስ አድርጎ ይመልሳል። ከነፍሱ ጋር የሚነጋገር ነው የሚመስለው። ስለ እሷ ምን ትላለህ? ቢተው ባገኘኝ ቁጥር ‘ልጁ ምን አለ?’ ይለኛል። የሻለም ሰርግ ላይ ሙሽሪት ስትወጣ የሚጫወታት እሷን ነው።

አድማሴ


አዲስ አበባ፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አድማሴ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ። ለእትዬ ሰብሌ ሚስት ከተገኘ ሆቴሉን እንደምተው ይንገሩልኝ።

ድምፁን ዝቅ ስለማድረግ የጠየቁኝን ሳስብበት ሰንብቻለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝቅ ካደረጉት ያንን ዕቃ መግዛት አያስፈልግም ነበር። ጆሮ ይለምደዋል፤ ትሬብሉንም ባለበት ይተዉት። እኔ የምጫወትበት ባንድ ውስጥ በእውቀቱ የሚባል ሁለተኛ ጊታሪስት አለ። እሱ ቫልቭ የሚባል ነገር አይወድም፤ ‘ሲሞቅ አንድ ዓይነት፣ ሲበርድ ሌላ ዓይነት፤ ከእንዲህ ያለ ጠባየኛ ጋር አልጋባም’ ይላል። ቤዝ ተጫዋቹ ደግሞ አምፕሊፋየር ከነአካቴው ይቅር፣ ሁሉም በሞንታርቦ ይውጣ ባይ ነው። በየሳምንቱ እንጨቃጨቃለን። የሰው ጣዕም እንደ መልኩ ነው። ነገር ግን መድረክ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ያልተሰማ እንዳልተጫወተ ነው።

ማሲንቆው ካነሰ ማይክ ይያዝለትና በሞንታርቦው ይውጣ። መፍትሔው ይኸው ነው።

ስለ ቅጂው በሰፊው እጽፍልዎታለሁ፤ አሁን ልምምድ ደርሶብኛል። ለጋሽ ቢተው ግን ‘በጣም ጥሩ ነው’ ይበሉልኝ።

አክባሪዎ፣
ሚሊዮን


መካነ ሰላም፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሚሊዮን፣

ጤና ይስጥልኝ። ጥር እንደ ልማዱ ሰርግ በሰርግ ሆኖ አለፈ። ማሻ ከተማ በነበረው ሰርግ ላይ ዕቃህ ተመሰገነ። ወጣቶቹ እስክስታቸውን ትተው ከፊቴ ቆመው ያዩኝ ነበር። ሲጨፍሩ እንጂ ሲያዩኝ አይቼ አላውቅም። የአቀስታው ሰርግም ደማቅ ነበር።

ቢተው ደህና ነው። ጉልበቱን ትንሽ አሞታል። አቀስታ አልመጣም። ብርዱ ሲለቅ ይሻለዋል።

ማይክ ያልኸውን ሞክረነዋል። ሞንታርቦው እየጮኸ አስቸገረን፤ ተውነው።

‘በጣም ጥሩ ነው’ ያልኸውን ነግሬዋለሁ።

ያ ትንሹ፣ ባለ ባትሪው፣ ያን ጊዜ በእርግጥ አልነበረም? ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅሁህ። ሌላ ነገር የለውም።

ሰብሌ ሰላም ብላሃለች።

አድማሴ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አድማሴ፤

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ እንዲህ አጥረው ጽፈውልኝ አያውቁም።

ሁዜይፋን አውቶቡስ ተራ አግኝቼ የጋሽ ቢተው ጉልበት እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። “ጋሽ ቢተው? ባለፈው ሳምንት በግ እየነዳ አጅባር ገበያ በእግሩ ገብቶ በእግሩ ተመለሰ! ጉልበቱን ላንተ ባበደረህ” አለኝ። ቀጥሎ ግን ሳቁን አቆመና ወደ መሪው ዞረ። “ማሲንቆውን አይነካም” አለ። ምነው ብለው፣ “እኔ ሾፌር ነኝ፤ የሚጫነውን እጭናለሁ። ወሬ አልጭንም” ብሎኝ ሄደ።

ጋሼ፣ ዋሽተው የማያውቁት እርስዎ ስለ ጉልበት ሲዋሹልኝ እኔ የራሴን ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ትንሹ ነበረ። ከትልቁ አጠገብ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበረ። ሞከርኩትና ናቅኩት። አልተገኘም ብዬ የጻፍኩልዎ ሐሰት ነው።

አቀስታ ላይ የሆነውን ይንገሩኝ። የሆነው ምንም ይሁን፣ ከጀርባው እጄ እንዳለበት ከወዲሁ ይሰማኛል።

ሚሊዮን


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሚሊዬ፣

ዘንድሮ ጾሙና ረመዳኑ አብረው ገቡ። ጀብሪል ‘ከተማው አንድ ሆድ ሆነ’ እያለ ይቀልዳል። ሰርግ የለም። ዕቃው ጋቢ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል። እኔ የዘገየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ የዋሸሁትን ለማንሣት አፍሬ ነው።

ቢተው አቀስታ ነበረ። አንተ እንዳልኸው ዕቃውን ሣጥን ላይ አውጥቼ ከጆሮው ጀርባ አቆምሁት። አንተ እንዳልኸው ቁልፉን ከግማሽ አሳለፍሁት። ድንኳኑ ጋለ። ከምሳ በኋላ የሙሽራው አጎት፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ብር ይዘው ተነሡና ለቢተው ግጥም ሰጡ። “ተቀበል!” አሉት። አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም ተቀብሎ በዜማ ካልመለሰ ሰጪውን ሰደበ ማለት ነው፤ ይህን ላንተ አልነግርህም። ቢተው ዝም አለ። አጎትየው ደገሙለት። ቢተው አፍ አፋቸውን ያያል፤ ደጋኑን ይስባል፤ የሚመልሰው የለም። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ “አዝማሪው ደንቁሯል! ለጊታሩ ስጡት!” ብሎ ጮኸ። ድንኳኑ ሳቀ። አጎትየው ብሩን እኔ ግንባር ላይ ለጠፉት።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ጀብሪል ነው። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ እየተጫወትሁ ነበር። ብሩ ግንባሬን ሲነካኝ ገለጥሁ። ቢተው ማሲንቆውን በነጠላው እየጠቀለለ ነበር። “ቢተው?” አልሁት። “ቀጥል፤ የሚሰሙት አንተን ነው” አለኝ።

ልጄ፣ ቀጠልሁ።

ጥፋቱ የአንተ ብቻ ቢሆን እንዴት ቀላል ነበር። ከመጀመሪያው ሰርግ ጀምሮ ቢተው አንገቱን ወደ ጎን ሲያዘነብል አይቻለሁ። ከዕቃው ሊሸሽ ነበር። ቁልፉ በእጄ ነበር፤ አላዞርሁትም። ዕድሜ ልኬን ምንጣፍ ነበርሁ፤ በደስታ ነው የነበርሁት። ማሻ ላይ ግን ሰዎቹ ዞረው ሲያዩኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ደስ አለኝ። ትንሹን በእርግጥ አልነበረም ወይ ብዬ የጠየቅሁህ እውነቱን ፈልጌ አልነበረም። ‘አልነበረም’ ብትለኝ ሌላ ምርጫ እንዳልነበረኝ ለራሴ ልነግረው ነበር።

ጀብሪልና ሁለት ሽማግሌዎች ቢተው ቤት ሄደው ነበር። በሩ ላይ አላቆማቸውም፤ አስገብቶ አብልቶ መለሳቸው። መልሱ ይህ ነው፦ “ከአድማሴ ጋር ጠብ የለኝም። አብሮኝ ያረጀ ሰው አንድ ቀን ቢሰክር ምን አለበት። የናቀኝ ዕቃውን የመረጠው ልጅ ነው። ድምፄን ላክሁለት፤ ‘በጣም ጥሩ ነው’ ብሎ መለሰ። ጥሩ ነው የሚባለው ለበግ ነው። ይምጣ፤ እኔ በተቀመጥሁበት ወንበር ይቀመጥ፤ እኔም ግጥም ልስጠውና ይቀበል። እስከዚያ ድረስ ደጋን አልይዝም፤ የልጄም ሰርግ ቢሆን።”

የሻለም ይህን ሰምታ እኔ ዘንድ መጣች። “ጋሼ፣ አባቴ በሰርጌ ቀን እንደ እንግዳ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው?” አለችኝ።

መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው።

አድማሴ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አድማሴ፤

ደብዳቤዎ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ለጋሽ ቢተው በእግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ እንደምለምናቸው ይንገሩልኝ። ሚዜው የተናገረውን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ያሳፍረኛል፤ የተናገረው እኔ የሆንኩ ያህል።

መምጣቱ ግን ለጊዜው የሚሆን አልመሰለኝም። ለትንሣኤ ሆቴሉ ትልቅ ዝግጅት አለው፤ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል ይባላል። ትንሹን አምፕሊፋየር በራሴ ወጪ ገዝቼ በሁዜይፋ እልካለሁ። ያኛውን መልሱልኝ፤ ጋሽ ቢተውም ከዓይናቸው ሲርቅ ልባቸው ይለዝብ ይሆናል።

ቅጂውን እንደገና አዳምጬ እጽፍላቸዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ሚሊዮን


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሚሊዮን፣

ትንሹን አትላክ። ከላክህ በሁዜይፋ እመልሰዋለሁ።

ቢተው ዕቃ አልጠየቀህም። ተቀመጥ ነው ያለህ። ይህን ያህል አገር አቋርጦ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚከብደው ሰው ሲገኝ ነገሩ መንገድ አይደለም።

አስተምሬሃለሁና አውቅሃለሁ። ያላጠናኸውን ስጠይቅህ ያጠናኸውን በሰፊው ትነግረኝ ነበር። ስለ ጀነሬተሩ መለስህልኝ፤ ስለ ቁልፉ መለስህልኝ፤ ስለ ጓደኞችህ ጣዕም ሳልጠይቅህ ጻፍህልኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የጠየቅሁህን አንዱን ብቻ ትዘላለህ። አምባሰሏን ስትሰማ ምን ተሰማህ? ካልወደድሃት አልወደድኋትም በል፤ ቢተው ከዚህ የባሰ ሰምቷል።

ሰርጉ የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ብትመጣ በሬ ክፍት ነው። ካልመጣህ ከእንግዲህ ደብዳቤ አትጻፍልኝ፤ እኔም መልስ ለመጻፍ ዐይኔ ደክሟል።

አድማሴ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ጋሼ አድማሴ፤

በሰላም ገብቻለሁ። እትዬ ሰብሌ የቋጠሩልኝን ዳቦ ደሴ ሳልደርስ ከሁዜይፋ ጋር ጨረስነው።

አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት የሰጡኝን ብጣሽ ወረቀት አቀስታን ስናልፍ ገለጥኩት። ‘ቢተው በጆሮህ ምን አለህ? ለእኔ አይነግረኝም’ ይላል። ከዚያ ወዲህ የማስበው እሱን ብቻ ነው።

እርስዎ ያዩትን ልድገም። በሰርጉ ዋዜማ ግቢያቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝ፤ ዕቃው ከጆሮዬ ጀርባ ሣጥን ላይ ነበር። እርስዎ ጀመሩ። ጋሽ ቢተው ፊት ለፊቴ ቆመው ግጥም ሰጡኝና “ተቀበል!” አሉ። ከንፈራቸውን አየሁ፤ ሌላ ምንም አላገኘሁም። እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ጀብሪል “ደንቁሯል! ለጊታሩ ስጡት!” ብሎ ጮኸ አሉ፤ እሱንም ያወቅኩት ሰው ሲስቅ አይቼ ነው። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ በመደርደሪያው ላይ ስለነበረው ትንሹም በሰው ፊት ተናገርኩ። ሁሉም ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ያኔ ነው ጋሽ ቢተው ራሳቸው ሄደው ዕቃውን ያጠፉት። ግቢው ጸጥ ሲል መጥተው ትከሻዬን ያዙ፤ ወደ ግራ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ተናገሩ። ራሴን ነቀነቅኩ። ዐይኔን ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ “ማሲንቆዬን አምጡልኝ” ያሉ መሰለኝ፤ የሻለም ሮጣ ስትገባ አየሁ።

ጋሼ፣ ያሉኝን አልሰማሁም። በግራ ጆሮዬ መስማት ካቆምኩ ቆይቷል። መድረክ ላይ የድራሙ ጸናጽል በግራዬ በኩል ነው። መጀመሪያ ፉጨት ነበር፤ ከዚያ ፉጨቱ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ቀኙም እየተከተለው ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ የማይሰማ ጊታሪስት የሚቀጥር የለም።

ትንሹን አምፕሊፋየር ሱቅ ውስጥ ስሞክር ለእኔ በብርድ ልብስ ውስጥ የሚያወራ ሰው ነበር። ሻጩ ግን ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማው ነበር። ትልቁን ከግማሽ ሳሳልፈው፣ ትሬብሉን ጥግ ድረስ ሳደርሰው፣ ጊታሬን ከብዙ ጊዜ በኋላ አገኘሁት። የመረጥኩት ለእናንተ አልነበረም፤ ለዚህ ጆሮዬ ነው። ከዚያ ጣዕም ነው ብዬ ጻፍኩልዎ፤ የመድረክ ሕግ ነው ብዬ አስተማርኩዎ፤ አስተማሪዬን።

ስለ አምባሰሏም መልሴ ይህ ነው። ቅጂውን ብዙ ጊዜ አድምጬዋለሁ። የእርስዎ ጊታር ይመጣል፤ ይቆማል፤ ከዚያ ዝምታ ነው። መጀመሪያ ሚሞሪው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለበእውቀቱ ሰጠሁት። እዚያ ዝምታ ላይ ሲደርስ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና “ማነው ይሄ ሰውዬ?” አለኝ። ‘በጣም ጥሩ ነው’ ብዬ የጻፍኩላችሁ በማግስቱ ነው። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

የሻለም ስትወጣ ጋሽ ቢተው እንደተጫወቱ ክንዳቸውን አይቼ አውቄያለሁ። ዕቃው መሬት ወርዶ፣ ቁልፉ በእሳቸው በኩል ሆኖ፣ በየዘፈኑ መሀል ጎንበስ ብለው ሲቀንሱት አይቼ ደስ አለኝ። ኋላ ላይ አንድ ግጥም ሲሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዘፈኑ ያለቀ መስሎኝ አጨበጨብኩ።

ለባንዱ በዚህ ሳምንት እናገራለሁ፤ ሐኪም ዘንድም ቀጠሮ ይዣለሁ። እርስዎን ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ጋሽ ቢተው በጆሮዬ ያሉኝን ጠይቀው ይጻፉልኝ። ምናልባት ቃል አስገብተውኝ ይሆናል። ያልሰማሁትን ቃል እሺ ብዬ ነቅንቄ መጥቻለሁ።

ሚሊዮን


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሚሊዬ፣

ደብዳቤህን ለብቻዬ አነበብሁት። ከዚያ ቢተው ቤት ይዤው ሄድሁ። ‘ለማንም አልተናገርኩም’ ያልኸውን ማውጣቴ ጥፋት ከሆነ ይቅር በለኝ፤ እሱ ግን ባለጉዳይ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁለት። ወገቡን ይዞ እያዳመጠ ቆየና ሣቀ። ሲሥቅ ከጥር ወዲህ መስማቴ ነው።

“ምንም አላልሁትም” አለኝ።

“እንዴት ምንም? በዐይኔ አይቼሃለሁ፤ ተናግረሃል።”

“ከንፈሬን ነው ያንቀሳቀስሁት። ድምፅ አላወጣሁም። ዕቃው ሲጮህ ግጥሜን አለመቀበሉ ምን ይገርማል፤ እኔም አልተቀበልሁም። እኔን የገረመኝ ዐይኑ ነው። ዕቃው ሳይከፈት ገና እናንተ ስታወሩ አፍ አፋችሁን ነበር የሚያየው። እኔ አቀስታ ላይ እንደዚያ ነበር ያየሁት። እስቲ ልየው ብዬ ጎንበስ አልሁና ከንፈሬን አላወስሁ። እሺ ብሎ ነቀነቀልኝ!”

እኔ ይህን ያህል ጊዜ የታረቀህ ከሩቅ ስለመጣህለት ይመስለኝ ነበር። ለምን ማሲንቆህን አስመጣህ ብዬ ጠየቅሁት። “አልናቀኝም” አለ። “አጥቶኝ ነው። የናቀ ሰውና ያጣ ሰው አንድ አይደሉም።”

ሚሊዬ፣ እኔም አብሬው ሣቅሁ፤ እቤቴ ስገባ ግን አልቻልሁም። የቀጭኑን ክር ጫፍ ስትወድ ጣዕም ነው ብዬ የተውሁህ እኔ ነኝ። ደብዳቤ ከደብዳቤ ‘ምን ተሰማህ’ እያልሁ ስነዘንዝህ ቁስልህን ነበር የምነካካው። ካልመጣህ አትጻፍልኝ ያልሁትንም ከጻፍሁት ሁሉ ብሰርዘው ደስ ይለኛል። ሐኪሙ ያለህን አትደብቀኝ። ባንዱ ቢከፋብህ፣ የሚያስተምር ሰው እዚህ የለም፤ የእኔም ጣት እየደነዘዘ ነው።

የሻለም ሰርግ ላይ ሰው ዞሮ ያየህ ጊዜ ቢተው የተቀኘልህ ይህን ነበር። አንተ ስታጨበጭብ ብዙ ሰው ሣቀ፤ ያልሣቅነው እኔና ቢተው ብቻ ነን። ያልሰማኸውን ልጻፍልህ፦

ከሩቅ ለመጣ ሰው፣ ጥፋት ተሸክሞ፣
ወንበር ይሳብለት፣ አይዋል እንዲህ ቆሞ።

ልወጣ ስል በሩ ላይ ጠራኝ። “ስትጽፍለት፣” አለ፣ “ሲመጣ በቀኙ በኩል ነው የምቀመጥለት በለው።”

አድማሴ